ፀሐይን የሚያበርድ የችግኝ ቤት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በጓሮ ስለሚሠራ ትንሽ የአትክልት ችግኝ ቤት ነው። ብዙ ነገር እናገራለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ዋናውን ልናገርና እሱን ይዛችሁ ስሙኝ። ግሪን ሃውስ የሚባለው ቤት በብርድ አገር የተፈጠረው ሙቀት ለመያዝ ነው። እኛ በምንኖርበት በራያ ቆቦ ሙቀት አልጠፋንም። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ የችግኝ ቤት ሥራው ፀሐይን ማብረድ፣ ደረቁን ነፋስ መስበር፣ የክረምቱን ዶፍ መመለስና ነፍሳትን መከልከል ነው። ይህን ሳይረዳ አራቱንም ጎን በላስቲክ የዘጋ ሰው ችግኙን ቀቅሎ ይገድለዋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። በወንጌል ስሙ የሚነሣው የሮሙ ቄሣር ጢባርዮስ ኪያር የሚመስል አትክልት አብዝቶ ይወድ ነበር። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ አትክልተኞቹ በመንኮራኩር ላይ የተሠራ መደብ እየገፉ ቀን ቀን ፀሐይ ያሞቁት ነበር፤ በብርዱ ወቅት ደግሞ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ይሸፍኑት ነበር። ከዚያ በኋላ አውሮፓውያን በመስታወት፣ ቆይተውም በላስቲክ ሠሩት። ወደ እኛ አገር በስፋት የገባው በአበባ እርሻ በኩል ነው፤ በዝዋይ፣ በቢሾፍቱ፣ በሆለታ መንገድ ያለፈ ሰው ነጫጮቹን የላስቲክ ቤቶች አይቷል። ሆለታ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው። እዚያ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ላስቲኩም ሥራ አለው። ያንን አይቶ ቆቦ ላይ እንዳለ መገልበጥ ነው ስሕተቱ።

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ ነው። በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ የላስታና የግዳን ተራሮች ያጥሩታል። በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ33 ዲግሪ በላይ ሲሆን ማየት ለእናንተ አዲስ አይደለም። የተዘጋ የላስቲክ ቤት በእንዲህ ዓይነት ፀሐይ ከውጭው አየር ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ይበልጥ ሊግል ይችላል። ደምሩት፤ ከ45 ሊያልፍ ይችላል። የቲማቲም ዘር የሚወደው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለውን ነው፤ ከ35 በላይ እየዳከመ ይሄዳል። የሰላጣ ዘር ደግሞ የባሰ ነው። አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅበት ሳይሞት ያንቀላፋል፤ ዘሪው ግን የተበላሸ ዘር የሸጡለት ይመስለዋል።

“ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዘሩን ማሳ ላይ በትነን ብናጠጣውስ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ውሃ ላይ ነው ያለው።

የራያ ሰው ውሃን በማክበር የታወቀ ነው። ከተራራው የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ማግባት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥበብ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነት የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓድ እየወጣ፣ በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ተለምዷል። ነገር ግን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በነጻ አይወጣም። መብራት ሲቋረጥ ፓምፕ እንደሚቆም፣ ነዳጅ ሲጠፋ ጄኔሬተር እንደማይነሣ በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት በዓይናችሁ አይታችኋል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ እንውሰድ። መስመሩን በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ችግኙን በ3 ሳንቲ ሜትር ብታራርቁት 1,000 ያህል የቲማቲም ችግኝ ይይዛል። ይህ መደብ በቀን 25 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ አንድ ትልቅ ጄሪካን ማለት ነው። ያንኑ 1,000 ችግኝ ማሳ ላይ በ1 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ብትተክሉት 300 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለዚህ ቦታ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ እንኳ ብታጠጡ 900 ሊትር ይሆናል፤ 36 ጄሪካን። እንግዲህ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ድረስ በየቀኑ በ36 ጄሪካን ፋንታ በአንድ ጄሪካን ማደር ይቻላል። ፓምፕ ቢቆም፣ አንድ ጄሪካን ከቦኖ ቀድቶ የሚያመጣ ልጅ ችግኙን ያተርፈዋል። ይህን ነው ለቆላ ሰው የችግኝ ቤት ትልቁ ጥቅም የምለው።

ወደ ቤቱ አሠራር ልግባ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ገንዘብም ልፋትም የሚባክነው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ቦታ። የችግኝ ቤቱን ከመኖሪያ ቤታችሁ በስተምሥራቅ ሥሩት። የጠዋቱን ፀሐይ በደንብ ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ስትከፋ፣ የቤታችሁ ጥላ ያርፍበታል። ከትልቅ ዛፍ ሥር አታድርጉት፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ጥላውም ቀኑን ሙሉ ስለማይነሣ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራ ቀጭንና ሰነፍ ይሆናል። ውሃ ከሚተኛበት ረባዳም ራቁ።

ቀጥሎ ማገሩ። ስድስት የባሕር ዛፍ ቋሚ ይበቃል፤ ከመካከል ያለው ሰው ቆሞ የሚሠራበት ቁመት ይኑረው። ጣሪያው ላይ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ግን በሚስማር ተመትተው የሚቀሩ መሆን የለባቸውም። አንደኛው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው፤ እሱ ለሐምሌና ለነሐሴ ዶፍ ነው። ሁለተኛው የማሽላ አገዳ ነው፤ እሱ ለፀሐይ ነው። አገዳው ጣት በሚያሳልፍ ክፍተት እየተራራቀ በገመድ ተሠፍቶ እንደ ሰሌን የሚጠቀለል ይሁን። ግማሽ ጥላ፣ ግማሽ ብርሃን ይሰጣል። በገበያ የሚሸጠው የጥላ መረብ ከተገኘም ይሠራል፤ ግን አገዳ በየደጃችን ተከምሮ እያለ ለመረብ ገንዘብ ማውጣት ግዴታ አይመስለኝም። የምዕራቡን ጎን በአገዳ ጠበቅ አድርጋችሁ እጠሩት፤ አቧራ ይዞ ከዚያ በኩል የሚመጣ ነፋስም ይሰበራል።

ለቀሩት ጎኖች መረብ ነው የምመክረው፤ አየር እንዲገባ፣ ነፍሳት እንዳይገቡ። ገንዘብ ካላችሁ ገንዘቡን እዚህ ላይ አውጡት። ዐይኑ ጠባብ የሆነ፣ ነጭ ዝንብ የማያሳልፍ መረብ ፈልጉ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን አጎበር ለዚህ ሥራ አትንኩት። ቆቦ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ አጎበሩ የልጆቻችሁ ነው። ደግሞም ዐይኑ ሰፊ ስለሆነ ነጭ ዝንብን አያስቀርም፤ ወባውንም ሳይከላከል፣ ችግኙንም ሳይጠብቅ ይቀራል።

አፈሩን በሚመለከት ፀሐያችን ጠላት ብቻ አይደለችም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ የእስራኤል ተመራማሪዎች በሥራ ያሳዩት ዘዴ አለ፤ ለቆቦ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በግንቦት መደቡን ትቆፍራላችሁ፣ ታለሰልሳላችሁ፣ በደንብ ታጠጣላችሁ፣ ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ከአፈሩ ጋር አጣብቃችሁ ትሸፍናላችሁ፤ ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ትቀብራላችሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ትተዉታላችሁ። ከላስቲኩ በታች የሚፈጠረው እርጥብ ሙቀት ችግኝ የሚያበሰብሰውን ሻጋታና ብዙውን የአረም ዘር ያጠፋል፤ ሥር የሚያቋጥሩ ጥቃቅን ትሎችንም ይቀንሳል። መድኃኒት አያስፈልግም፤ ቀኑ ራሱ ይሠራል። ያው ላስቲክ በሐምሌ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከዚህ በኋላ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና የተነፋ የወንዝ አሸዋ ትቀላቅላላችሁ፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። ያልበሰለ ፍግ አታግቡ፤ ያቃጥላል፣ ትልም ያመጣል። መደቡ በክረምት ከመሬት ከፍ ይበል፣ ውሃ እንዲወርድለት። በበጋ ደግሞ ዝቅ ይበል፣ ውሃ እንዲያዝለት። መሬት የሌለው የከተማ ሰው ጄሪካን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጦ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር በስቶ መዝራት ይችላል።

ዘር ላይ ብዙ ሰው ይከስራል። የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በሙቀት የከረመ ከሆነ በዓመቱ ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ከመዝራታችሁ በፊት ፈትኑት። ሃያ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እያያችሁ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጡት። በሳምንት፣ ቢዘገይ በዐሥር ቀን ፍቱት። አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ከበቀለ መልካም ነው። ከዚያ አንሶ እስከ አሥር ከሆነ አብዝታችሁ ዝሩ። ከአሥር ካነሰ ድካማችሁን አታባክኑበት። ዝርያን በተመለከተ በመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የወጡት ለእኛ ይስማማሉ፤ መልካሳ ያለበት ከፍታ ከቆቦ ጋር ተቀራራቢ ነውና። ከሽንኩርት አዳማ ቀይና ቦምቤይ ሬድ፣ ከቲማቲም መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ፣ ከበርበሬ ማረቆ ፋና ስማቸውን የምታውቋቸው ናቸው። በአካባቢያችን የትኛው እንደሚሻል ሲሪንቃ የሚገኘውን የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መጠየቅ ነው፤ ቅርባችን ናቸው።

ዘሩን በመስመር ዝሩት፤ ብትን አይሁን። ጥልቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይለፍ። በስሱ አፈር አልብሱ፣ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙበት፣ በማጠጫ ቆርቆሮ ቀስ ብላችሁ አጠጡ። የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ሲል ሣሩን የዚያኑ ዕለት ማታ አንሡት፤ ሁለት ቀን ከዘገያችሁ ችግኙ ተጠማዞ ይወጣል። ሰላጣ የምትዘሩ ደግሞ ምሽት ላይ፣ አፈሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝሩ።

አሁን ጎንበስ ብለን መደቡን እንየው። ማታ ቆሞ ያያችሁት ችግኝ ጠዋት ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። የብዙ ሰው ፍርድ “ውሃ ጠምቶት ነው” የሚል ነው፤ ወዲያው ሌላ ውሃ ይጨምራል። ቆም ብላችሁ ግንዱን ተመልከቱ። ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ፣ ቅጠሉ ግን ገና አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ገዳዩ እርጥበት የሚወድ ሻጋታ ነው፤ የጨመራችሁት ውሃ ይበልጥ ያባብሰዋል። ያን ጊዜ የወደቁትን ከነአፈራቸው አንሥታችሁ ከጓሮ አውጡ፣ ውሃ ቀንሱ፣ ጥቅጥቅ ያለውን አሳሱ፣ መረቡን ገልጣችሁ አየር አስገቡ። ግንዱ ግን በጥርስ እንደተቆረጠ ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ ነገሩ ሌላ ነው። በዙሪያው ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ፤ ጥቅልል ብሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። እሱ ቆራጭ ትል ነው፤ በእጅ ለቅሞ መግደል ለአምስት ሜትር መደብ በቂ ነው። ሁለቱ ጥፋቶች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ውሃ የማጠጫ ሰዓት ጠዋት ይሁን። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ እንዲያድር አታድርጉ።

ስለ ነፍሳት ሲነሣ የራያ ሰው መስከረምና ጥቅምት 2013ን አይረሳም፤ የበረሃ አንበጣ በማሽላውና በጤፉ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በየዓመቱ ቲማቲማችንን የሚጨርሱት ከአንበጣ እጅግ ያነሱ ናቸው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ስፔን ገባ፤ በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ትሉ ቅጠሉን በሁለቱ ገጾች መካከል ይሰረስረዋል፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ብታዩት ነጣ ያለ ሰፊ ንጣፍና በውስጡ ጥቁር ኩስ ይታያል። ከቦታ ቦታ የሚሄድበት አንዱ መንገድ በችግኝ ነው። በጭነት ከሩቅ የመጣ ርካሽ ችግኝ ስትገዙ ተባዩን አብራችሁ ትገዛላችሁ። ነጭ ዝንብ ደግሞ ቅጠል የሚያጨማድድና ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ ያስተላልፋል፤ ቫይረሱ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ችግኝ በልጅነቱ ከተያዘ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል፤ አድጎ ከተያዘ ግን የተወሰነ ምርት ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ሳምንታት በመረብ ውስጥ ማሳለፍ ማለት አደገኛውን ዕድሜ ማሻገር ማለት ነው። በኋላ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ መድኃኒት የሚረጨው ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በችግኝ ወቅት ያልጠበቀውን ዕዳ ነው።

በጥላና በመረብ ያደገ ችግኝ በአንድ ቀን ወደ ቆቦ ሜዳ ቢወጣ ይሞታል። ለመትከል ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ሲቀረው አገዳውን በመጀመሪያ ለጠዋት፣ ከዚያ እስከ እኩለ ቀን፣ በመጨረሻ ለሙሉ ቀን ጠቅልላችሁ አንሡለት። ውሃውንም ቀንሱ። ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይወፍራል። ቲማቲም አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ሽንኩርት እርሳስ ሲያህል ይነቀላል። ሊነቀል ሁለት ሰዓት ሲቀረው መደቡን አጠጡ፤ ሥሩ ከነአፈሩ እንዲወጣ። የምትተክሉት ማታ ነው። ቀን የተተከለ ችግኝ መጀመሪያ የሚያገኘው የቀትሩን ፀሐይ ነው፤ ማታ የተተከለ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሥር ይይዛል።

አሁን ገበያውን ላንሣ። የዐቢይ ጾም ሲገባ የሽንኩርትና የቲማቲም ፈላጊ ይበዛል። በረመዳንም ለአፍጥር ሾርባው ያለ ቲማቲምና ሽንኩርት አይሠራም፤ ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዘር ጊዜውንም እየቆጠሩ ማሰብ ይገባል። ከጾሙ ወደ ኋላ እንቁጠር። ቦምቤይ ሬድ ከተተከለ በኋላ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በመደብ ላይ ደግሞ ከ45 እስከ 50 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ለየካቲት የሚደርስ ሽንኩርት በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ መዘራት አለበት። በነሐሴ ሜዳ ላይ የተዘራ ዘር ዶፉ ይወስደዋል፣ ጭቃው ያበሰብሰዋል፤ ብዙው ሰው ዝናቡ እስኪወጣ ጠብቆ የሚዘራውም ለዚህ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚዘራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ዋጋው የሚወድቀው ያኔ ነው። ላስቲክ ጣሪያ ያለው ሰው ያንን ወር ይቀድማል። ቲማቲም ከተተከለ ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ስለሚደርስ በጥቅምት ቢዘራ ጾሙን ያገኘዋል።

ወጣቶች፣ ይህ ለእናንተ ሥራ ነው። ገበሬው ችግኙን ራሱ ከማፍላት ጤነኛ ችግኝ ገዝቶ መትከል ቢችል ደስ ይለዋል። አንድ ማኅበር በአንድ ቀበሌ ሃያ መደብ ቢይዝ ሃያ ሺሕ የቲማቲም ችግኝ በየዙሩ ያወጣል። ነገር ግን ገዢ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው የመጀመሪያው ሲጸድቅለት ነው፤ ያልጠነከረ ችግኝ አትሽጡ።

ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖች አንድ ልመና አለኝ። የሽንኩርት ዘር በትልቅ ቆርቆሮ ታሽጎ ሲሸጥ የአንድ መደብ ባለቤት የሆነች እናት አትደርስበትም፤ ስለዚህ ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ ነጋዴ የተከፈተና የቆየ ዘር በስኒ ትገዛለች። ዘሩ የምርት ዘመኑና የመብቀል መጠኑ ተጽፎበት በትንንሽ እሽግ ይቅረብልን። መረቡም እንዲሁ በሜትር ተቆርጦ ይሸጥ። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ በነሐሴ አጋማሽ በየቀበሌው የችግኝ ቤት ማየት ይቻላል።

እናንተ ደግሞ እስከዚያ አትጠብቁ። ቤታችሁ ያለውን የሽንኩርት ዘር አውጡና ሃያ ፍሬውን ዛሬ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት።